«የላም በረት» የሚል ጓደኛ፦ የአንድ ፋንታሲ ወዳድ ልጅ የ1916 ንባብ

ቅዳሜ ማታ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣ ብላ በምትገኘው ሌዘርሄድ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ወደ ማደሪያው የሚወስደውን ባቡር ይጠብቃል። ጣቢያው ላይ መጽሐፍ የሚሸጥባት አነስተኛ ሱቅ አለች። ልጁ ጠጋ አለና ሽፋኑ ያደፈ አንድ መጽሐፍ አነሳ። መጽሐፉን ያውቀዋል። ከዚህ በፊት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል አይቶ ትቶታል። (የእኛ መጽሐፍ አዟሪ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን «ወንድም፣ ትገዛለህ ወይስ እዚሁ ልትጨርሰው ነው?» ይለው ነበር።) ዛሬ ግን፣ ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ብዙም ደስ ሳይለው ገዛው።

ልጁ ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ ይባላል። ቤተሰቡ ጃክ ይሉታል። ዓለም በኋላ ሲ.ኤስ. ሉዊስ ብሎ ያወቀው፣ ሰባቱን የናርኒያ መጻሕፍት የጻፈው ሰው ነው። ያኔ ግን ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ተረት ቀመስ መጽሐፍ ነፍሱ የሆነ ተማሪ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለ ናርኒያ አይደለም። ስለዚያ ልጅ የአንድ ዓመት ንባብ ነው፤ የ1916። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ለማስታወስ ያህል፣ 1916 እኛ ዘንድ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱበትና የሰገሌ ጦርነት የተካሄደበት ዓመት ነው። ይህን ዓመት የመረጥኩት ማስረጃ ስላለው ነው። ልጁ ምን እንዳነበበ፣ ምን እንደወደደ፣ ምን እንደገዛ በየሳምንቱ ለጓደኛው ይጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቹም ተርፈዋል። ብዙዎቻችን «ልጅ ሳለሁ እንዲህ አነብ ነበር» ስንል በትዝታ ነው የምናወራው። ትዝታ ምን ያህል እንደሚያታልል ደግሞ ወደ በኋላ እናያለን።

አንድ ነገር ላስቀድም። ያኔ እንደ ዛሬው «ፋንታሲ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መደርደሪያ የለም። ሉዊስና ጓደኛው «ሮማንስ» ነበር የሚሉት። የፍቅር ታሪክ ማለታቸው አይደለም። ፈረሰኛ፣ ጠንቋይ፣ ክፉ ዛፍ፣ ወዴት እንደሚወስድ የማይታወቅ መንገድ ያለበትን ረጅም ትረካ ነው።

ሰዓት ያለው ቤት

ሉዊስ የቤልፋስት ልጅ ነው። የተወለደው በ1898 ነው። እናቱ የሞቱት አሥር ዓመት ሳይሞላው ነው። አባቱ ጠበቃ ነበሩ። አዳሪ ትምህርት ቤት ቢያስገቡት አልሆነለትም። የመጨረሻውንማ አምርሮ ጠላው፤ «አውጡኝ» እያለ ጻፈ። በሴፕቴምበር 1914 አባቱ እሳቸውን ራሳቸውን ያስተማሩ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ቤት ሰደዱት። ሰውየው ዊሊያም ኪርክፓትሪክ ናቸው። የሚኖሩት ሰሬይ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ግሬት ቡካም የምትባል መንደር ውስጥ ነው። «ቡክ» የሚለውን ሰምታችሁ የመጽሐፍ መንደር እንዳትሏት። ስሟ የመጣው ከዛፍ ነው።

ሽማግሌው ልጁን ከጣቢያ ሊቀበሉት መጡ። መንገድ ላይ ሉዊስ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ ሰሬይ ከጠበቀው በላይ ዱር ዱር የምትል አገር መሆኗን ተናገረ። «ቁም!» አሉ ኪርክፓትሪክ ጮኸው። ዱር ስትል ምን ማለትህ ነው? እንዲህ አትሆንም ብለህ የጠበቅከውስ ምን ይዘህ ነው? ካርታ አይተህ ነው? ፎቶ ነው? መጽሐፍ ነው? ልጁ አንዱንም አላየም። እንግዲያው በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የመያዝ መብት የለህም ተባለና ነገሩ ተዘጋ። ገና ሻንጣውን እንኳ አላስገባም።

የመጀመሪያው ትምህርትም እንዲሁ ነበር። ሽማግሌው የጥንቱን የግሪክ ገጣሚ የሆሜርን መጽሐፍ ገለጡ። ሃያ ያህል መስመር በግሪክኛ ጮክ ብለው አነበቡ። መቶ ያህሉን ተረጎሙለት። መዝገበ ቃላት ሰጡትና የቻልከውን ያህል ግፋበት ብለው ወጡ። በቃ። ከዚህ ሌላ መግቢያ የለም።

ለንባቡ ትልቁ ነገር ግን የቤቱ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ልናገር። ቁርስ ሁለት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛ። አምስት ሰዓት ላይ ሻይ ከመጣ እሰየው። ምሳ ሰባት ሰዓት። ከስምንት ጀምሮ የእግር ጉዞ፣ በተቻለ መጠን ብቻውን፤ ወሬ የተፈጥሮን ድምፅ ያጠፋል ይላል። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ሻይ። ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት እንደገና ጠረጴዛ። ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት የራሱ ነው። ሉዊስ ሸምግሎ ትዝታውን ሲጽፍ፣ ምርጫው የእሱ ቢሆን ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ሲኖር ደስታው እንደነበር ተናግሯል።

እኔ ከሰዓቱ ይበልጥ የገረመኝ መጽሐፉን ለሰዓቱ መምረጡ ነው። ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚሆን መጽሐፍ ነበረው። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ግሪክኛና ላቲን። የአሥር ሰዓቱ ሻይ ላይ ከየትም ተጀምሮ የትም የሚቆም ወሬ አዘል መጽሐፍ። ለምሳሌ የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ የሄሮዶቱስ ትርጉም። ግጥም ማዕድ ላይ ማንበብ ለእሱ ነውር ነው፤ ቅድስናን እንደ መድፈር ያለ። መብላትና ማንበብ ግን አብረው እንደሚሄዱ ምንም ጥርጥር የለውም። እዚህ ላይ አልቀናሁም አልልም። ዳቦና ቅቤ በአንድ እጅ ይበላል። እኔ ዘዴውን በሽሮ ሞክሬው ሁለት ገጽ አጥፍቻለሁ።

ረጃጅሞቹ ሮማንሶች ለምሽትና ለሳምንቱ መጨረሻ ነበሩ። እንግዲህ ያ ልጅ ፋንታሲ የሚያነበው ቀኑን ሙሉ በከባድ ነገር ራሱን ሲያደክም ከዋለ በኋላ ነው። ሽማግሌው ስለ ዛፍ ያለውን አስተያየት እንኳ ማስረጃ አምጣ እያሉ ሲያፋጥጡት ይውላሉ። ማታ ደግሞ ዛፎች እጅ አውጥተው ሰው የሚያሳድዱበት አገር ይገባል።

ማዶ ያለው ልጅ

አርተር ግሪቭስ ቤልፋስት ውስጥ የሉዊስ ጎረቤት ነው። ከመንገዱ ማዶ ይኖራል። ልቡ ደካማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት ይውላል። በ1914 ጸደይ ላይ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ሉዊስ ቢጠይቀው ደስ እንደሚለው ላከበት። ሉዊስ ሄደ። አርተር አልጋው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ላይ የሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ አማልክት ተረቶች ያሉበት መጽሐፍ አለ።

«ይህን ትወዳለህ?» አለ ሉዊስ።

«አንተም ትወዳለህ?» አለ አርተር።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በእጅ እየጠቆሙ፣ እየተጠያየቁ፣ ሊጮሁ ምንም አልቀራቸውም። ሁለቱም እስከዚያች ቀን እንዲህ ያለ ነገር የሚወድ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም ነበር።

እኛ «ተረት ተረት» የሚል ሰው ካለ «የላም በረት» የሚል ሰው መኖር አለበት። ካልመለሱለት ተራቹ አይጀምርም። የሉዊስ የ1916 ንባብ ለእኔ ከዚህ ውጭ አይገባኝም። ሌሎች ስለዚህ ዓመት ሲጽፉ መምህሩን ያጎላሉ፤ ልክ ናቸው። ግን መምህሩ ያስተማሩት ማሰብን ነው። ልጁ የሚወደውን ነገር ሳያፍርበት እንዲወድ ያደረገው በየሳምንቱ ከቤልፋስት «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚለው ልጅ ነው።

ደብዳቤዎቹ ውስጥ ሉዊስ አርተርን «ጋላሃድ» ይለዋል፤ ከንጉሥ አርተር ፈረሰኞች በአንዱ ስም። ስለ ታሪኩ ብቻ አይደለም የሚያወሩት። ስለ ጥራዙ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ዋጋው ጭምር እንጂ። ሉዊስ የመጽሐፍን አካል መውደድ የተማረው ከአርተር ነው። የገጹ አሰዳደር፣ የወረቀቱ ሽታ፣ የተለያየ ወረቀት ሲገለጥ የሚያሰማው የተለያየ ድምፅ። ይህን ያላየ አንባቢ አለ ብዬ አላምንም፤ አዲስ መጽሐፍ ገዝቶ ቀድሞ የማያሸት ማን ነው?

ሉዊስ እንደ ማንኛውም ብልህ የ17 ዓመት ልጅ ትንሽ ጉረኛ ነበር። አርተርን ይመክራል፣ ያርማል፣ ይገስጻል። በፌብሩዋሪ 1916 መጽሐፍ ደግመህ ባለማንበብህ ብዙ ይቀርብሃል ብሎ ጽፎለታል። እሱ ራሱ ደጋግሞ አንባቢ ነው። ግን ትምህርቱ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። አርተር ኩሽና፣ ጓሮ፣ የሰው ቤት የሚሸትበትን ተራ ኑሮ ይወዳል። በእሱ ግፊት ሉዊስ የዋልተር ስኮትን ደህና ደህናዎቹን፣ የብሮንቴ እህትማማቾችንና የጄን ኦስተንን ልብወለዶች በሙሉ አነበበ። በኋላ ሲያስታውስ፣ ሁለቱ ዓይነት ንባቦች አንዱ የሌላውን ጣዕም ጨመረለት እንጂ አልተጣሉም ይላል። ፋንታሲ ብቻ እየበላ የሚኖር ሰው የመሰለው ልጅ ለካ ጎን ለጎን ጄን ኦስተንን ይቀምስ ነበር።

ያደፈው መጽሐፍ

ማርች 7 ቀን 1916 ለአርተር የጻፈው ደብዳቤ የዓመቱ እንብርት ነው። ለወራት ሲያነበው የቆየውን የኤድመንድ ስፔንሰርን «የፌሪ ንግሥት» መጨረሱን ይናገራል። ይህ የ16ኛው መቶ ዘመን ግጥም እንደ ጡብ የከበደ ነው። ስፔንሰር አሥራ ሁለት ክፍል አቅዶ የጨረሰው ስድስቱን ነው። ብዙ ሰው ስድስቱም ይበዙበታል። ሉዊስ ግን ገጣሚው ቀሪውን ስድስት ሳይጽፍ በመሞቱ ያዝናል።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጣቢያው ሱቅ አንድ የደከመ የኤቭሪማን ቅጂ ገዝቷል። ኤቭሪማን በ1906 የተጀመረ ርካሽ የመጽሐፍ ተከታታይ ነው፤ አንዱ ቅጽ በአንድ ሽልንግ። አሁን በጦርነቱ ምክንያት አንድ ሽልንግ ከአንድ ፔኒ ሆኗል፤ ሉዊስ ይህንንም ሳይጠቅስ አላለፈም። መጽሐፉ ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ማክዶናልድ በ1858 ያሳተመው «ፋንታስቲስ» ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። አኖዶስ የሚባል ወጣት፣ 21 ዓመት በሞላው ማግስት ጠዋት ይነቃል። የመኝታ ክፍሉ የእጅ መታጠቢያ ሳህን እንደ ምንጭ ሞልቶ ይፈሳል። ውሃው በምንጣፉ ላይ መንገድ ያበጃል። ምንጣፉ ላይ የተሠራው ሣርና አበባ በነፋስ መወዛወዝ ይጀምራል። አኖዶስ ጅረቱን ተከትሎ ጫካ ይገባል።

ሉዊስ ለአርተር የጻፈው ነገር የአንባቢ ምክር እንዴት መሆን እንዳለበት ያሳያል። አሁን የምታነበውን ተወውና ይህን ግዛ ይለዋል። ቀጥሎ ግን ጉድለቱን ይነግረዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተለመደ ተረት ይመስላል፣ ተስፋ አትቁረጥ። ውስጡ ያሉት አንዳንድ ግጥሞች ደግሞ መጥፎ ናቸው፣ ልታደንቃቸው አትልፋ። ከዚያ አንድ ትዕይንት ብቻ ያቀምሰዋል፦ ሰውየው እያነበበ ሳለ የክፉው ዛፍ እጅ ጥላ፣ ጣቶቹ ቋጠሮ ቋጠሮ የሆኑበት፣ በሚያነበው መጽሐፍ ላይ ሲወድቅ። መጽሐፍ ለሰው ስናስነብብ «ገራሚ ነው፣ አንብበው» ብለን የምንተው ሰዎች ብዙ ነን። ይሄ ልጅ የት እንደሚያሰለች ቀድሞ ተናግሮ ነው የሸጠው።

አሁን ወደ ትዝታው ጉዳይ። ሉዊስ በ1955 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ምሽት ያነሳል። ሸለቆው ወይን ጠጅ ሊሆን የደረሰ ሰማያዊ፣ ሰማዩ ከውርጭ የተነሳ አረንጓዴ፣ ጆሮው በብርድ የሚነዝር፣ ፊቱ የተዘረጋ ሁለት የንባብ ቀን። እንደ ሥዕል ነው። ያ ሌሊት ምናቡን እንዳጠመቀለት፣ የቀረው ሰውነቱ ግን ጊዜ እንደወሰደ ይናገራል። ወሩን ግን ኦክቶበር ብሎታል። ደብዳቤው የሚለው ማርች ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በልቡ የያዘውን የሕይወቱን ትልቅ የንባብ ሌሊት በሰባት ወር ስቶታል። ከላይ «ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል» ያልኩትም ከእሱ ትዝታ ወስጄ ነው። የማርች መጀመሪያም እዚያ አገር ይበርዳል፤ ስለዚህ አልሰርዘውም።

ከማርች በኋላ

ዓመቱ በዚህ አልቆመም። የፊሊፕ ሲድኒን «አርኬዲያ» አነበበ። «ሰር ጋዌንና አረንጓዴው ፈረሰኛ» የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን ግጥም በትርጉም አነበበ። ቤዎልፍ የሚባለውን ጥንታዊ የእንግሊዝ የጀግና ግጥም አነበበ፤ አርተር ግን አልገባ ያለው ይመስላል። ኖቬምበር 1 ቀን ሉዊስ የሰጠው ምክር ይህ ነው፦ መጽሐፍ ምን መምሰል እንዳለበት የምታውቀውን ሁሉ ርሳ፤ መጀመሪያ የተነገረላቸውን ሰዎች ቦታ ያዝ። እሱ ራሱ ሲያነብ፣ በክረምት ሌሊት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ የጥንት ሳክሰን ባላባት ነኝ ይላል። ውጭ ተኩላና ማዕበል። ውስጥ ሽማግሌው ዘፋኝ ታሪኩን እያዜመ። አዝማሪ ሲፎክር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ምክር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከንባቡ ጽሕፈት ወጣ። በሜይ ገደማ «የብሌሄሪስ ፍለጋ» የሚል የራሱን ሮማንስ ጀመረ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል ለአርተር ይልካል። ቋንቋው ሆን ብሎ ያረጀ ነው፤ ዊሊያም ሞሪስ የሚባለውን ደራሲ መቅዳቱ ነበር። አርተርም እንዲጽፍ ይወተውተው ነበር። ሕይወት ስትሰለችህ ጻፍ፣ ቀለም የሰው በሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎታል ሜይ 30 ቀን። ብሌሄሪስ ግን በዚያው መጸው ቆመ። አላለቀም።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል ነው። ወንድሙ ዋረን ፈረንሳይ ግንባር ላይ ነው። ሉዊስ የአየርላንድ ልጅ ስለሆነ የግዳጅ ምልመላው አይነካውም፤ እሱ ግን ለመዝመት ወስኗል። ከወሰነ በኋላ ከአገሩ ጋር ውል የተዋዋለ ያህል ሆነ፦ ቀኑ ሲደርስ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ግን አትንኩኝ፣ የራሴን ኑሮ እኖራለሁ። አንዳንዱ ይህን እንደ ሽሽት ያየዋል። ለእኔ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚቆስል ልጅ ቀኑን መቁጠሩን ትቶ ገጽ መቁጠሩ ስህተት አይመስለኝም። በዚያው በጋ ጄ.አር.አር. ቶልኪን የሚባል ወጣት መኮንን፣ በኋላ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ግንባር ላይ ነበር። ሁለቱ የተዋወቁት ከአሥር ዓመት በኋላ ኦክስፎርድ ውስጥ ነው።

ሃይማኖት ላይ ከአርተር ጋር አልተግባቡም። አርተር አማኝ ነው። ሉዊስ ኦክቶበር 12 ቀን በየትኛውም ሃይማኖት አላምንም፣ ሁሉም አፈ ታሪክ ነው ብሎ ጻፈለት። ማክዶናልድ ቄስ እንደነበር ልብ በሉ። ሉዊስ ያጠመቀኝ የሚለውን መጽሐፍ ካነበበ ሰባት ወሩ ነው።

በዲሴምበር ኦክስፎርድ ሄዶ ለነፃ የትምህርት ዕድል ተፈተነና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀበለው። ኪርክፓትሪክ ቀድሞውኑ ለአባቱ፣ ይህን ልጅ ጸሐፊ ወይም ምሁር ልታደርገው ትችላለህ፣ ሌላ ነገር ግን አታደርገውም ብለው ነበር። በማርች 1917 ከግሬት ቡካም ወጣ። በኖቬምበር፣ 19 ዓመት በሞላው ቀን፣ ግንባር ደረሰ። በኤፕሪል 1918 ቆሰለ። የመጀመሪያው የናርኒያ መጽሐፍ የወጣው በ1950 ነው።

አርተር የሉዊስን ደብዳቤዎች ዕድሜውን ሁሉ አስቀመጠ። በ1979 መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ሉዊስ ደግሞ ደብዳቤ የማስቀመጥ ልማድ አልነበረውም። አርተር የጻፈለት ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ጠፍቷል። ሉዊስ መጽሐፍ ደግመህ አንብብ ሲለው አርተር ምን እንዳለው፣ ብሌሄሪስ ሲቆም ከፍቶት እንደሆነ፣ ያን የዛፍ እጅ ጥላ ሲያነብ ደንግጦ እንደሆነ፣ የምናውቀው ሉዊስ በመልሱ ከጠቀሰው ብቻ ነው።